ያለፈውን የማይረሳ የደም ቧንቧ፦ ኤፒጄኔቲክ ለውጦች በደም ቧንቧ መጠጠር ላይ ያላቸው ድርሻ

እ.ኤ.አ. በ1983 በአሜሪካና በካናዳ የሚገኙ 29 የሕክምና ማዕከላት 1,441 የዓይነት አንድ ስኳር ሕሙማንን ይዘው አንድ ትልቅ ጥናት ጀመሩ። ሕሙማኑ በዕጣ በሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ በዘመኑ እንደተለመደው በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ኢንሱሊን እየወሰዱ ቀጠሉ፤ የቀሩት ግን በቀን ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ እየተወጉ ወይም በፓምፕ እየታገዙ የደማቸው ስኳር በተቻለ መጠን ወደ ጤናማው ልክ እንዲቀርብ ተደረገ። በ1993 ጥናቱ ሲያበቃ ስኳራቸው በጥብቅ የተያዘላቸው ሰዎች የዓይን፣ የኩላሊትና የነርቭ ጉዳታቸው በእጅጉ ያነሰ መሆኑ ታየ፤ ስለዚህ ከዚያ በኋላ ሁሉም ጥብቁን ሕክምና እንዲከተሉ ተመከሩ። ክትትሉ ግን አልቆመም። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ የሁለቱ ወገኖች የስኳር ልክ ተቀራርቦ የሦስት ወር አማካዩ በሁለቱም ዘንድ 8 በመቶ አካባቢ ላይ አረፈ። ጉዳታቸው ግን አልተቀራረበም። በ2005 በወጣው ውጤት መሠረት፣ ጥብቁን ሕክምና ከመጀመሪያው ያገኙት ሰዎች በልብና በደም ቧንቧ ሕመም የመያዝ ዕድላቸው በ42 በመቶ ያነሰ ነበር፤ ስትሮክን፣ ለሞት ያላደረሰ ድንገተኛ የልብ ሕመምንና በዚሁ ሕመም መሞትን ብቻ ለይተን ብናይ ደግሞ ልዩነቱ 57 በመቶ ይደርሳል።

በአማካይ ስድስት ዓመት ተኩል ብቻ የቆየ የስኳር ልዩነት፣ ከጠፋ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶም በደም ቧንቧው ላይ ፍሬውን ማፍራቱን ቀጠለ ማለት ነው። በብሪታንያ በዓይነት ሁለት የስኳር ሕሙማን ላይ የተካሄደው ረጅም ጥናትም በ2008 ተመሳሳይ ነገር አሳየ፤ ሕመሙ እንደታወቀ ስኳራቸው በደንብ የተያዘላቸው ሰዎች የሕክምናው ልዩነት ከቀረ ከአሥር ዓመት በኋላም ድንገተኛ የልብ ሕመም ያገኛቸው በቁጥር ያነሱ ነበሩ። በዚያው ዓመት ይፋ የሆነ ሌላ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ የነገሩን ሌላ ገጽ ገለጠ። በስኳር በሽታ በአማካይ አሥር ዓመት ያሳለፉና አማካይ ዕድሜያቸው ስድሳን የተሻገረ ከ10,000 በላይ ሰዎችን ይዞ ስኳራቸውን በኃይል ለማውረድ የሞከረው ይህ ጥናት፣ በጥብቅ ሕክምናው ወገን የሟቾች ቁጥር ስለበለጠ የዚያ ወገን ሕክምና ከታቀደው ጊዜ ቀደም ብሎ እንዲቋረጥ ተደርጓል። ለዚህ ውጤት ሌሎች ምክንያቶች ቢሰጡም፣ በጊዜ የተደረገው እና ዘግይቶ የተደረገው አንድ እንዳልሆነ ሦስቱም ጥናቶች በአንድ ድምፅ ይናገራሉ።

ጥያቄው እንግዲህ ትዝታው የት ይቀመጣል የሚለው ነው። ስኳር ከደም ውስጥ በሰዓታት ይወጣል። የደም ህዋሳት በየጊዜው ይተካሉ። በህዋሱ ውስጥ ያለው የዘረመል ጽሑፍ፣ ማለትም ዲኤንኤው፣ ስኳር ከፍ ስላለ ፊደሉ አይቀየርም። ላለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት ከተሰነዘሩት መልሶች በይበልጥ እየተጠናከረ የመጣው ኤፒጄኔቲክስ የሚሰጠው መልስ ነው።

ኤፒጄኔቲክስ የሚለውን ስም እንግሊዛዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ኮንራድ ዋዲንግተን በ1942 ሲያወጣው ምን ዓይነት ኬሚካል እንደሚሠራው የሚያውቅ አልነበረም። ዛሬ የምናውቀው እንደሚከተለው ነው። የልብም፣ የጉበትም፣ የደም ቧንቧም ህዋስ አንድ ዓይነት ዲኤንኤ ይዞ ሳለ ከ20,000 ገደማ ፕሮቲን ሠሪ ጂኖች ውስጥ እያንዳንዱ የሚያነበው የራሱን ድርሻ ብቻ ነው፤ የሚነበበውን ከማይነበበው የሚለዩት ደግሞ በዲኤንኤው ላይና ዙሪያ የሚደረጉ ምልክቶች ናቸው። ለዚህ ከዜማ ትምህርታችን የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል፤ ከግእዙ ቃል በላይ በትንንሹ የሚሰፈሩት ድፋት፣ ይዘትና ርክርክ ቃሉን አይነኩትም፣ ዜመኛው የቱን ከፍ የቱን ዝቅ አድርጎ እንደሚለው የሚወስኑት ግን እነሱ ናቸው። ከምልክቶቹ አንዱ ሜቲል የተባለ ትንሽ ኬሚካል ሲሆን፣ በዲኤንኤው ላይ በጂኑ መነሻ አካባቢ ሲለጠፍ አብዛኛውን ጊዜ ጂኑን ዝም ያሰኘዋል። ዲኤንኤው የሚጠመጠምባቸው ሂስቶን የተባሉ ፕሮቲኖችም የየራሳቸውን ምልክት ይቀበላሉ፤ እንደ ምልክቱ ዓይነትና እንደተለጠፈበት ቦታ ጥምጥሙ ይላላል ወይም ይጠብቃል። ከዲኤንኤ የሚገለበጡ፣ ፕሮቲን የማይሠሩ አጫጭርና ረጃጅም አርኤንኤዎችም በዚሁ ሥራ ይሳተፋሉ፤ ሰፊ ርዕስ ስለሆነ ግን እዚህ አልገባበትም።

በ2008 በአውስትራሊያ ሜልበርን የሚሠሩ ተመራማሪዎች ከሰው የደም ቧንቧ የተገኙ የውስጠኛው ሽፋን ህዋሳትን ለ16 ሰዓታት ብቻ ስኳር በበዛበት ፈሳሽ ውስጥ አቆዩአቸው፤ ከዚያም ወደ ጤናማው ልክ መልሰው ለስድስት ቀናት ተከታተሏቸው። ስድስቱን ቀናት ሙሉ፣ የሰውነትን መቆጣት ወይም ብግነትን ከሚያዝዙት ፕሮቲኖች ዋነኛ የሆነው የኤንኤፍ-ካፓ-ቢ አንድ ክፍል ጂን ከፍ ብሎ መነበቡን አላቆመም፤ በመነሻው አካባቢ ያለው ሂስቶን ላይ ሴት-7 የተባለ ኢንዛይም የለጠፈው የሜቲል ምልክትም በቦታው ነበር። ከስምንት ዓመት በኋላ በካሊፎርኒያ ያለ ቡድን ወደዚያው ወደ 1983ቱ ጥናት ተሳታፊዎች ተመልሶ የተቀመጠ ደማቸውን መረመረ። ጥናቱ ሲያበቃ በተወሰደው ደምና ከ16 ዓመት በላይ ቆይቶ በተወሰደው ደም ውስጥ፣ በሁለቱ ወገኖች መካከል ያለው የሜቲል ልዩነት በአንዳንድ ጂኖች ላይ ሳይጠፋ መቆየቱን አገኘ። ከእነዚህ ውስጥ ጎልቶ የታየው ከስኳር አያያዝ ጋር በቀጥታ የሚገናኘው ቲኤክስኤንአይፒ የተባለው ጂን ነው። በእኔ ግምት በሰው ላይ ከተገኙት ማስረጃዎች ሁሉ ለትዝታው ሐሳብ ይበልጥ የሚመዝነው ይህ ነው፤ ሆኖም የተመረመሩት ሰዎች ከየወገኑ ጉዳታቸው ታይቶ የተመረጡ ስለሆኑ፣ የመጀመሪያው ዕጣ ብቻውን ሌሎች ምክንያቶችን ሁሉ አያስቀርም።

የደም ቧንቧ ይጠጥራል ሲባል ግን ሁለት አብረው የሚሄዱ ሁኔታዎች አሉ፤ ካልለየናቸው ቀሪው ይደበላለቃል። አንደኛው በቧንቧው ግድግዳ ውስጥ ስብ፣ ነጭ የደም ህዋሳትና ጠባሳ ተጠራቅመው መተላለፊያውን ማጥበባቸው ነው፤ ይህ ክምችት የተሰነጠቀ ዕለት ደም ይረጋበትና ድንገተኛ የልብ ሕመም ወይም ስትሮክ ይከተላል። ሁለተኛው የግድግዳው የመለጠጥ ችሎታ መቀነስ ነው። ቧንቧው እንደ ላስቲክ እንዲለጠጥ የሚያደርገው ኤላስቲን የተባለ ፕሮቲን በአብዛኛው በማህፀንና በልጅነት ተሠርቶ ያልቃል፤ በኋላ ሲያረጅና ሲበጣጠስ ቦታውን የሚይዘው የማይለጠጠው ኮላጅን ነው፣ በላዩም ካልሲየም ይጨመራል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 በልብና በደም ቧንቧ ሕመሞች ሞቱ ካላቸው 17.9 ሚሊዮን ሰዎች መካከል አብዛኞቹ የሞቱት በድንገተኛ የልብ ሕመምና በስትሮክ ሲሆን፣ ከሁለቱ ጀርባ እነዚህ ሁኔታዎች በየድርሻቸው አሉ።

ኮሌስትሮል በደም ውስጥ በእኩልነት ይዘዋወራል፤ ክምችቱ ግን በሁሉም ቦታ አይታይም። የአንገት ደም ወሳጅ ቧንቧ ለሁለት በሚከፈልበት ቦታ፣ የልብ ቧንቧዎች በሚገነጠሉበት አፍ፣ በትልቁ ቧንቧ ጥምዝ ውስጠኛ ጎን ይበዛል፤ ቀጥ ባለው ክፍል ያንሳል። ልዩነቱን የሚፈጥረው የደሙ አፈሳስ ነው። በቀጥተኛው ክፍል ደም በአንድ አቅጣጫ ጸንቶ ሲፈስ፣ የውስጠኛው ሽፋን ህዋሳት ኬኤልኤፍ-2 እና ኬኤልኤፍ-4 የተባሉትን ጠባቂ ጂኖች አብርተው፣ ቧንቧውን የሚያላላውን ናይትሪክ ኦክሳይድ እያመረቱ ይኖራሉ። በመገንጠያዎቹ ላይ ግን ደሙ ወዲያና ወዲህ ይዋልላል። በ2014 በአሳማና በአይጥ የወጡ የተለያዩ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ የዋለለ አፈሳስ የሜቲል ምልክት የሚለጥፉትን ኢንዛይሞች ያበረታል፤ ኬኤልኤፍ-4 መነሻው ላይ ሜቲል ይበዛበትና ይደክማል፤ የሽፋኑ ህዋስም ነጭ የደም ህዋሳትን ወደ ራሱ የሚስብ ይሆናል። በአትላንታ የሚሠራ ቡድን የአይጦችን የአንገት ቧንቧ ቅርንጫፎች በከፊል አስሮ አፈሳሱን ካወከ በኋላ፣ ሜቲል ለጣፊውን ኢንዛይም የሚያግድ መድኃኒት ሲሰጣቸው የስብ ክምችቱ ቀነሰ። ምልክቱን ማገድ ሕመሙን መቀነሱ፣ ምልክቱ ተከትሎ የመጣ አሻራ ብቻ እንዳልሆነ ቢያንስ በአይጥ ያሳያል።

ከሽፋኑ በታች ያሉት የለስላሳ ጡንቻ ህዋሳት ታሪክ ከዚህ ይለያል። የልብ ጡንቻ ህዋስ አንዴ ከሆነ በኋላ ሌላ አይሆንም፤ የደም ቧንቧ ለስላሳ ጡንቻ ግን እንደ ሁኔታው ጠባዩን ይቀይራል። ጤናማ ሲሆን ይኮማተራል፣ ይላላል። ሲጎዳ ግን መኮማተሩን ትቶ ይባዛል፣ ይሰደዳል፣ ኮላጅን ያመርታል። በ2013 የየል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቴት-2 የተባለው፣ የሜቲል ምልክትን የማንሳት ሥራ የሚጀምረው ኢንዛይም ይህን ጠባይ የሚቆጣጠር ዋነኛ ፕሮቲን መሆኑን አሳዩ፤ መጠኑ ሲቀነስ የመኮማተር ጂኖቹ ይዘጋሉ፣ ሲጨመር ይመለሳሉ፣ በታመሙ የሰው ቧንቧዎችም ውስጥ ከጤናማዎቹ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። በኩላሊት ድካምና በስኳር ሕሙማን ዘንድ በተለይ እንደሚታየው፣ እነዚሁ ህዋሳት ከዚያም አልፈው አጥንት የሚሠሩ ህዋሳት የሚጠቀሙበትን ራንክስ-2 የተባለ ጂን አንቅተው በግድግዳው ውስጥ ካልሲየም ማስቀመጥ ይጀምራሉ። በዕድሜ የገፋ ሰው በራጅ ሲታይ የደም ቧንቧው እንደ አጥንት ነጭ ሆኖ የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው።

እስካሁን ያየነው ግድግዳውን ነው። ከአሥር ዓመት ወዲህ የመጣው ትልቁ ግኝት ግን ከመቅኔ ነው የተነሳው። በ2014 በሲድሃርታ ጃይስዋልና በባልደረቦቹ የታተመ ጥናት የ17,000 ያህል ሰዎችን ደም መርምሮ፣ ዕድሜያቸው ከ70 በላይ ከሆነው ቢያንስ ከአሥሩ አንዱ ካንሰር ሳይኖርበት በመቅኔው ውስጥ አንዲት የተለወጠች ግንድ ህዋስ፣ ማለትም የደም ህዋሳትን የምታስገኝ እናት ህዋስ፣ ያለ ልክ ተባዝታ የደሙን ከፊል እንደያዘች አገኘ። በብዛት የተለወጡት ጂኖች የትኞቹ እንደሆኑ ሲታይ ግጥምጥሞሹ ያስገርማል፤ ቀዳሚዎቹ ሜቲል የሚለጥፈው ዲኤንኤምቲ-3ኤ እና ሜቲል የሚያነሳው ያው ቴት-2 ነበሩ። ማለትም የተበላሸው ጽሑፉ ራሱ ሲሆን፣ የተበላሸው ጽሑፍ ግን የምልክት ለጣፊዎቹና አንሺዎቹ ነው። በ2017 የወጣው ተከታይ ጥናት እንዲህ ያሉ ሰዎች በልብ ደም ቧንቧ ሕመም የመያዝ ዕድላቸው ወደ ሁለት እጥፍ እንደሚጠጋ ሲገልጽ፣ በዚያው ዓመት የቦስተኑ የኬኔዝ ዋልሽ ቡድን ከጠቅላላ መቅኔያቸው አንድ አሥረኛው ያህል ቴት-2 የጎደለው እንዲሆን የተደረጉ አይጦች ክምችታቸው እንደሚተልቅ አሳየ። መንገዱም ተለይቷል፤ ቴት-2 የጎደላቸው ነጭ የደም ህዋሳት ወደ ግድግዳው ሲገቡ ኢንተርሉኪን-1-ቤታ የተባለውን የብግነት መልእክተኛ ያለ ልክ ይለቃሉ። ዲኤንኤምቲ-3ኤ እና ቴት-2 ተቃራኒ ሥራ እየሠሩ የሁለቱም መጉደል ለምን ወደ አንድ ጉዳት እንደሚያመራ ግን እስከ ዛሬ ያከራክራል።

ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ሌላ መንገድም አለ። በኔዘርላንድስ ናይሜኸን የሚሠሩት ሚሃይ ኔቴያና ባልደረቦቹ፣ ነጭ የደም ህዋሳት ከአንድ ጀርም ወይም ከተበላሸ የኮሌስትሮል ቅንጣት ጋር ለአጭር ጊዜ ከተገናኙ በኋላ በሂስቶኖቻቸው ላይ የሚቀረው ምልክት ለሚቀጥለው ገጠመኝ ይበልጥ ቁጡ እንደሚያደርጋቸው አሳይተዋል። በውርስ ኮሌስትሮላቸው እጅግ ከፍ ባለ ሰዎች ላይ በ2019 ያወጡት ውጤት ሐኪሞችን ሊያሳስብ ይገባል፤ ለሦስት ወራት ስታቲን ሲሰጣቸው ኮሌስትሮሉ ወረደ፣ የነጭ ህዋሳቱ ቁጡነት ግን አልወረደም።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በዘርፉ ከሚታተሙት ጥናቶች ብዙዎቹ የሚያደርጉት የሕሙማንንና የጤነኞችን ደም ወስዶ የሜቲል ምልክት የተለያየባቸውን ቦታዎች መቁጠር ነው። ደም ግን የቧንቧው ግድግዳ አይደለም፤ እያንዳንዱ ህዋስ የራሱ ምልክት ስላለው የነጭ ህዋሳት ዓይነት ምጣኔ ሲቀየር ብቻ የተለወጠ የሚመስል ውጤት ሊገኝ ይችላል። ከዚህም ይበልጥ የሚያስቸግረው ምክንያቱን ከውጤቱ መለየት ነው። በ2017 ስለ ውፍረት የወጣ ሰፊ ጥናት ከውፍረት ጋር የተያያዙ 187 ቦታዎችን ካገኘ በኋላ በዘረመል ስልት ሲፈትናቸው፣ አብዛኞቹ የውፍረት ምክንያት ሳይሆኑ ውጤቶች መሆናቸውን ደመደመ። ስለዚህ አንድ ቦታ ላይ ምልክት ተለውጦ ተገኘ የሚል ዜና ብቻውን ገና ብዙ አይናገርም።

ይኸው ጥንቃቄ ወደ ማህፀን ስንመለስም ይጠቅማል። በ1944 እና 1945 ክረምት የጀርመን ጦር በከለከለው ምግብ የተራቡት የምዕራብ ኔዘርላንድስ እናቶች ልጆች አድገው ሲመረመሩ፣ በእርግዝናው መጀመሪያ ወራት የተራቡት በልብ ደም ቧንቧ ሕመም ይበልጥ መያዛቸው ተመዝግቧል፤ በ2008 የወጣ ሌላ ጥናትም በጽንስ መባቻ ረሃብ ያገኛቸው ሰዎች ከስድሳ ዓመት በኋላ ከዕድገት ጋር በተያያዘው አይጂኤፍ-2 በተባለ ጂን ላይ ያላቸው የሜቲል ምልክት ካልተራቡት ወንድምና እህቶቻቸው ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። ልዩነቱ ግን ትንሽ ነው፤ ለልብ ሕመሙ ተጠያቂው እሱ መሆኑም አልተረጋገጠም። የኛው የ1977 ዓ.ም. ረሃብ ልጆች ዛሬ አርባዎቹን ይዘዋል፣ ማለትም የደም ቧንቧ ሕመም መታየት ወደሚጀምርበት ዕድሜ ደርሰዋል። በሰሜን ወሎ ራያ ቆቦ የተካሄደ የኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ጥናት በዚያ ዘመን በማህፀን የነበሩት ሰዎች የወገብ ውፍረት፣ የደም ግፊት፣ የስኳርና የስብ መዛባት በአንድ ላይ የሚታይበት ሁኔታ ይበልጥ እንደሚገኝባቸው አመልክቷል። ጥናቱ የለካው እነዚህን ነው እንጂ የዲኤንኤ ምልክቶችን አይደለም፤ የወሎውን ሰው ደም ከኔዘርላንድሱ ጋር በዚህ ረገድ ማነጻጸር ገና ያልተነካ ሥራ ነው፣ ዕድሜውም አይጠብቅም።

ወደ ሕክምናው ስንመጣ መጀመሪያ መጠቀስ ያለበት ውድቀት ነው። ህዋስ የሜቲል ምልክት የሚሠራበት ጥሬ ዕቃ ከፎሌትና ከቫይታሚን ቢ-12 ጋር በተያያዘ ዑደት ውስጥ ያልፋል፤ ዑደቱ ሲሰናከል ሆሞሲስቴይን የተባለ አሚኖ አሲድ በደም ውስጥ ይከማቻል፣ ሆሞሲስቴይናቸው ከፍ ያለ ሰዎችም የደም ቧንቧ ሕመም ይበዛባቸዋል። ነገሩ ግልጽ ይመስል ነበር። በ2006 የወጡ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች ግን ቫይታሚኖቹ ሆሞሲስቴይኑን ቢያወርዱትም ድንገተኛ የልብ ሕመምን እንዳልቀነሱ አሳዩ። ዛሬ በማኅበራዊ ሚዲያ “ጂንዎን ያስተካክላል” እየተባለ የሚሸጠው የቫይታሚን እንክብል ይህን ታሪክ አይነግራችሁም።

ምልክቱን በቀጥታ የሚነኩ መድኃኒቶች ለተወሰኑ የደም ካንሰር ዓይነቶች በሥራ ላይ ውለዋል፤ በመላው ሰውነት ያለ ልዩነት ስለሚሠሩና መቅኔን ስለሚጎዱ ግን ለዓመታት ለሚወሰድ የደም ቧንቧ ሕክምና አይሆኑም። የሂስቶን ምልክት የሚያነቡ ፕሮቲኖችን የሚያግደው አፓቤታሎን በ2,425 የስኳርና የልብ ሕሙማን ላይ ተሞክሮ በ2020 ውጤቱ ወጣ፤ ከባድ የልብና የደም ቧንቧ ችግር መድኃኒቱን ከወሰዱት 10.3 በመቶውን፣ መድኃኒት የሌለበት ማስመሰያ ከወሰዱት 12.4 በመቶውን አገኘ። ልዩነቱ ተስፋ የሚሰጥ ቢመስልም በአጋጣሚ የመጣ እንዳልሆነ ለማረጋገጥ አልበቃም። ከመንገዱ መጨረሻ ላይ ኢንተርሉኪን-1-ቤታን ማገድ የተሻለ ሠርቷል፤ ካናኪኑማብ የተባለው መርፌ በ2017 ከ10,000 በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ በመካከለኛው መጠኑ ችግሩን በ15 በመቶ ቀንሷል፣ ነገር ግን ለሞት የሚያደርስ ኢንፌክሽንን ጨምሯል፣ ዋጋውም አይቀመስም፤ ለዚህ ሕመምም አልተፈቀደም። በኋላ በተደረገ ቅኝት ቴት-2 የተለወጠባቸው ሰዎች ከሌሎቹ ይልቅ የተጠቀሙ መሰሉ፤ ይህ ግን በራሱ ጥናት መፈተን አለበት።

ከሁሉም የሚደፍረው ሐሳብ በ2024 ከሚላኖ መጣ። ተመራማሪዎቹ የአይጥን ዲኤንኤ አንዲት ፊደል ሳይቆርጡ ወይም ሳይለውጡ፣ ኮሌስትሮልን ከፍ በሚያደርገው ፒሲኤስኬ-9 በተባለው ጂን መነሻ ላይ ብቻ የዝምታ ምልክት የሚለጥፍ ነገር ወደ ጉበት ላኩ። አንድ ጊዜ ብቻ ተሰጥቶ በደም ውስጥ ያለውን ፕሮቲን ለአንድ ዓመት ያህል ወደ ግማሽ አወረደው። ጉበትን ማግኘት ግን ቀላሉ ክፍል ነው፤ በደም የሚላክ ነገር ሁሉ ወደዚያው ይሄዳልና። በአንገት ቧንቧ መገንጠያ ላይ ያለ የተወሰነ ህዋስን ለይቶ መድረስ የሚችል መላ ገና አልተገኘም።

እስከዚያው በሰው ላይ ምልክቱ ሲመለስ በግልጽ የታየው በማጨስ ነው። በ2016 ወደ 16,000 የሚጠጉ ሰዎችን ያካተተ ትንተና ሲጋራ ከ7,000 በላይ በሆኑ ጂኖች ላይ የሜቲል ምልክት እንደሚለውጥ አሳይቷል። ካቆሙት ሰዎች መካከል አብዛኞቹ ቦታዎች በአምስት ዓመት ውስጥ አጭሶ ከማያውቅ ሰው ልክ ይመለሳሉ፤ በጥቂት ጂኖች ላይ ያለው ለውጥ ግን ሲጋራው ከተተወ ከ30 ዓመት በኋላም ይገኛል።